የአንጋፋው ጥርስ

ጥርስ ሠሪው ሚስት ካገባበት ቀን ጀምሮ አንድ ዘፋኝ ሲጠላ ኖሮ ኖሮ፣ ሁለቱም ካረጁ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ያው ዘፋኝ ያለ ጥርስ መጣለት።

ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፣ በሥራ ባልደረባው ይቀናል፤ ይሄ የወግ ነው። ጥርስ ሠሪው ግን የሚቀናው ከሬዲዮ በሚወጣ ድምፅ ነበር። ሚስቱ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። ቀኑን ሙሉ ሕፃናት ጆሮዋ ሥር ሲጮኹ የዋለች ሴት ማታ ዝምታ የምትመኝ ይመስላችኋል። የለም። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ የዚያን ሰውዬ ዘፈን ትከፍታለች። ልብስ ስታጥብ እሱ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ እሱ፣ ስትናደድም እሱ፣ ያውም ድምፁን ከፍ አድርጋ። የሬዲዮ ሰዎች «አንጋፋው» ስለሚሉት እሷም አንጋፋው ትለዋለች። ባሏን የምትጠራው «አንተ» ብላ ነው።

ሲጋቡ ይዛ ከመጣችው ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የተፈታው በፎጣ የተጠቀለለ የአንጋፋው ፎቶ ነበር። የሠርጋቸው ፎቶ ከሱ ጎን ተሰቀለ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ለምን ዝቅ እንዳለ ሲጠይቃት «ሚስማሩ እዚያ ጋ ነበር» አለችው። ሚስማር ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሊመታ እንደሚችል አላነሳባትም፤ አዲስ ሙሽራ ነበርና። አንድ ጊዜ ደግሞ ስላረረ ድስት ሲጨቃጨቁ «እሱ ቢሆን እንዲህ አይለኝም ነበር» አለችው። «እሱ ማነው?» አለ ጥርስ ሠሪው፣ ማን እንደሆነ ልቡ እያወቀ። በአገጯ ወደ ግድግዳው አመለከተች። ከሰው ጋር መጣላት ይቻላል፤ ከግድግዳ ጋር ምን ተብሎ ይጣላሉ? ዋጥ አድርጎት ኖረ። እሱ ራሱ አልፎ አልፎ ለማንጎራጎር ሲሞክር ሚስቱ ከማድቤት ብቅ ብላ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ትለው ነበር።

እንግዲህ ይሄ አንጋፋ ነው አፉን በሻርፕ ሸፍኖ የሥራ ክፍሉን በር ያንኳኳው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ አንድ የመሞረጃ ሞተር፣ አንድ የደንበኛ ወንበር፣ ግድግዳውን ሙሉ ደግሞ የሰው ሁሉ ድድ በጀሶ ተቀርጾ የተደረደረበት መደርደሪያ። ሰውየው ከገባ በኋላ በሩን ራሱ ቆለፈው።

«ዶክተር፣ ብቻህን ነህ?»

«ዶክተር አይደለሁም። ጥርስ ሠሪ ነኝ።»

«እሺ ዶክተር» አለና ሻርፑን ፈታ።

ጥርስ ሠሪው እንኳን ፊቱን፣ ጥላውን ቢያይ ያውቀዋል። ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ የላይኛው ከንፈሩ ገመዱ እንደተሳበ ከረጢት አፍ ተሸብሽቧል። ስንቱን ልብ ያቀለጠው አፍ ይሄ ነው።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«አስነጠሰኝ።»

«አስነጠሰዎትና?»

«አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሴ እንዳለ መንገድ ላይ ወደቀ። ወርጄ ሳልደርስ የቆሻሻ መኪና ሄደበት።» ሻርፑን በእጁ ጠቀለለና ጨመረ። «ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን አየ እንጂ እኔን ዞር ብሎም አላየኝ።»

ጥርስ ሠሪው በሆዱ «እሰይ!» አለ። ማለቱን መደበቅ አይቻልም፤ አለ። እንዲህ ያለ ደስታ ግን ረዘም ላለ ጊዜ አይቆይም። ሽማግሌው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ርእሰ መምህር ቢሮ እንደተጠራ ተማሪ ቁጭ ሲልበት አንጀቱን በላው። ኮንሰርት ነበረበት። የስንብት ኮንሰርት፤ ማስታወቂያው ከተማውን ሞልቶታል፤ ቀኑም እየደረሰ ነው።

«የድሮው ጥርስዎ ምን ዓይነት ነበር? ፎቶ ካለዎት በዚያ እመራለሁ።»

«ፎቶማ በሽ በሽ ነው!»

በማግስቱ አንድ ከረጢት ሙሉ ፎቶ ይዞ መጣ። አንድ በአንድ አዩት። አፉን በከፈተበት ፎቶ ሁሉ ማይክሮፎን ጥርሱን ጋርዶታል። ማይክሮፎን በሌለበት ደግሞ፣ የፍቅር ዘፋኝ ስለሆነ፣ ከንፈሩን ገጥሞ አዝኖ ነው የተነሳው። የካሴት ሽፋኑም፣ የጋዜጣውም፣ ጥርስ ሠሪው ቤት ግድግዳ ላይ ያለውም እንደዚያው ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በአደባባይ ሲኖር አንድ ቀን እንኳን ካሜራ ፊት ጥርሱን አላሳየም።

«እንደወደድክ ሥራው» አለ በመጨረሻ። «ብቻ የተገዛ አይምሰልብኝ።»

የተገዛ እንዳይመስል ማድረጉ ነው የሙያው ዋና ነገር። ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ጥርስ ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ ጎበዝ ሠሪ አንዷን ትንሽ ያዞራታል፣ ሌላዋን ትንሽ ያስጠጋታል፣ እግዜር የሠራው እንዲመስል ትንሽ ያበላሸዋል። ጥርስ ሠሪው ሰሙ ላይ ጥርሶቹን ሲተክል ሬዲዮ ከፍቶ ዜና ያዳምጥ ነበር። እጁ እንደለመደው ሠራ።

ከዚያ ልኬቱ መጣ። አፉ በሰም የተሞላ ሰው መናገር አይችልም፤ ሞተሩ ሲጮህ ደግሞ መስማትም አይችልም፤ ስለዚህ ጥርስ ሠሪው ከደንበኞቹ ጋር የሚግባባው በምልክት ነው። ጠቋሚ ጣት ወደ ላይ ከሆነ ክፈት። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ከተገጣጠሙ ንከስ። መዳፍ ጉሮሮ ላይ ወደ ታች ከተንሸራተተ ዋጥ። አንዳንድ ደንበኛ ይህን ለመልመድ ሳምንት ይፈጅበታል፤ አንጋፋው ግን ዕድሜ ልኩን መድረክ ላይ ከጊታሪስት ከከበሮ መቺ ጋር በጣትና በቅንድብ ሲነጋገር የኖረ ሰው ስለሆነ ወዲያው ገባው። እንዲያውም ጥርስ ሠሪው ጣቱን ከማንሳቱ በፊት ይከፍት ነበር። የመጨረሻው ፈተና ደግሞ «ስድሳ ስድስት» ማለት ነው። «ስ» ላይ ያላፏጨ ጥርስ የትም አያፏጭም ብሎ ያምናል ጥርስ ሠሪው።

«ስድሳ ስድስት» አለ አንጋፋው።

«ይድገሙልኝ።»

«ስድሳ ስድስት። ስድሳ ስድስት።» መስተዋት አይቶ ፈገግ አለ፤ ፊቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ዶክተር፣ አንዲት ስንኝ ላንጎራጉርበት? ከፍ ያለው ቦታ ላይ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።»

እዚህ ላይ ነው ጥርስ ሠሪው ያጠፋው። ሲዘፈን ራስ ወደ ኋላ ይጣላል፣ አፍ ከንግግር በላይ ይከፈታል፤ ይሄን እሱ ያጣዋል ማለት ዘበት ነው። ግን ይሄ ሰውዬ ሳሎኑን ይዞበታል፣ ማድቤቱን ይዞበታል፣ ግድግዳውን ይዞበታል። በከተማው ውስጥ የዚህ ሰው ድምፅ የማይገባባት አንዲት ክፍል ብትኖር ይህቺ የጀሶ ክፍል ናት። እዚህም ይዝፈንብኝ?

«አያስፈልግም ጋሼ» አለ። «ስድሳ ስድስት ካሉ ሁሉንም አሉ። ከላላብዎት ነከስ አድርገው ይዋጡ፤ ይቀመጣል።»

አንጋፋው አመስግኖ፣ ሻርፑን በእጁ ይዞ፣ እየሳቀ ወጣ።

ጥርስ ሠሪው ለሚስቱ አልነገራትም። የሰው አፍ ውስጥ ያዩትን አደባባይ ማውጣት በዚህ ሙያ ነውር ነው፤ ያ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው፣ ሚስቱ ያንን የተሸበሸበ ከንፈር በዓይነ ሕሊናዋ እንድታይ አልፈለገም። ለምን እንዳልፈለገ ራሱም አልገባውም። እንዲህ ያለ ወሬ ለመናገር እኮ ነው ቀናተኛ ባል የሚኖረው።

ቅዳሜ ልጃቸው ሁለት የመግቢያ ትኬት ይዛ መጣች። ባል አግብታ ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ እናቷ አንጋፋውን በአካል አይታ እንደማታውቅ ታውቃለች። የመጀመሪያው ኮንሰርት ቀን እናትየው ምጥ ላይ ነበረች። የሁለተኛው ቀን ልጅቷን ኩፍኝ ያዛት። ከዚያ በኋላ ባሏን ራስ ምታት ያዘው፤ ኮንሰርት በመጣ ቁጥርም እየጠበቀ ያዘው።

«ሦስተኛ ረድፍ ነው እማዬ» አለች ልጅቷ። «ላቡን ሳይቀር ታይዋለሽ።»

ጥርስ ሠሪው ሦስተኛ ረድፍ ሲባል ያ ያልተፈተነ ጥርስ ትዝ አለው። አንጋፋው አንድ ጊዜ እንኳን በዚያ ጥርስ አልዘፈነም፤ ዘፍኖም እንደሆነ እሱ አላየም። ጥርሱ ቢወልቅ የሚወልቀው እሱ ስለቀና ነው። የሚወልቀውም ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ቀን በጠበቀች ሴት ፊት ነው፤ ሌላ ቀን ደግሞ የለም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሚስቱ ለሠርጋቸው እንኳን ያልለበሰችውን ዓይነት ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው። «ዛሬ ራስህን እንዳያምህ።»

«አያመኝም።»

«አታጉረምርም፤ ሰዓትህን አትይ፤ እሱን አይተህ ከንፈርህን አትጣል። ይቺን አንድ ቀን አታበላሽብኝ።»

«አላበላሽብሽም» አለ። ድምፁ ስለተንቀጠቀጠ ሚስቱ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰችው።

ኮንሰርቱ ከሰዓት በኋላ የሆነው ለአንጋፋው ሲባል ብቻ አልነበረም። አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ከዘፈኖቹ እኩል ያረጀ ነው። በየወንበሩ ጀርባ ምርኩዝ ተንጠልጥሏል፤ መብራቱ ሲጠፋ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ አሳለ። ከመድረኩ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች አሉ። እዚያ ላይ አንዲት ጥርስ የበር ያህል ነው የምታክለው።

አንጋፋው ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ጊታሩን አንግቶ ወጣ። አዳራሹ ቆመ። ሚስቱ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አፏን ሳትከፍት፣ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ጥርስ ሠሪው እሷን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያ ሰውዬ ጸለየ። «ብቻ ያዝልኝ» አለ። ለእግዜር ይበለው ለጥርሱ አልተለየም።

የመጀመሪያው ዘፈን ዝግ ያለ ነበር፤ በደህና አለፈ። ሁለተኛው ላይ አንድ «ስ» ትንሽ አፏጨች፤ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ የሰማት አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ አንጋፋው ራሱን ወደ ኋላ ጣለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አፉን ከፈተ፤ ጥርስ ሠሪውም የላይኛው ጥርስ ከድዱ ለቅቆ እንደ መጋረጃ ዝቅ ሲል አየ።

አንጋፋው አፉን ገጠመ። በግማሽ ቃል ላይ ዘፈኑ ቆመ። ሙዚቀኞቹ ተያዩና ያንኑ ቦታ ደጋገሙ። ሽማግሌው እንደ ድዳ ቆሞ በዓይኑ አዳራሹን ሲቃኝ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዓይኑ ከጥርስ ሠሪው ዓይን ጋር ተጋጨ።

ጥርስ ሠሪው አላሰበበትም። እጁ በራሱ ተነሣ። አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን ገጠመ።

አንጋፋው ነከሰ።

መዳፉን ጉሮሮው ላይ ወደ ታች አንሸራተተ።

አንጋፋው ዋጠ። ከዚያ ቃሉን ከቆመበት አንሥቶ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ወደ ላይ ይዞት ወጣ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ዝምታውን አያችሁልኝ?» አለ ከኋላቸው የተቀመጠ ባለ ኮፍያ ሰውዬ፣ በዙሪያው ላለ ሁሉ። «ስሜት አነቀው እኮ! የዛሬ ልጆች እንዲህ ዝም ማለት ያውቃሉ?»

ከዚያ በኋላ አንጋፋው ዓይኑን ከሦስተኛው ረድፍ አልነቀለም። ከፍ ያለ ቦታ ሊደርስ ሲል ወደ ታች ያያል፤ ጥርስ ሠሪው ጣቱን ይገጥማል፤ አንጋፋው ይነክሳል፤ ይውጣል፤ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል። ሁለት ዘፈን እንዲህ አለፈ። ጥርስ ሠሪው ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ባለ ኮፍያው ወደ ጆሮው ጠጋ አለና «ይቅርታ ወንድሜ፣ የሙዚቃ ሰው ነዎት?» አለው።

«አይደለሁም።»

«ትሕትና ነው» አለ ባለ ኮፍያው ለጎረቤቱ።

ሚስቱም አንድ ነገር አስተዋለች። መጀመሪያ እንባዋን ጠረገች። ቀጥሎ ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች። ከዚያ የባሏን ክንድ ጭምቅ አደረገችው።

«እያየኝ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ! ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል። ዓይኑን ሲነቅል አላየሁትም።» ፊቷ በርቷል። ጥርስ ሠሪው ይህን ፊት የሚያውቀው ከወጣትነቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደሄደ ጠይቆ አያውቅም። «ሕልም እንዳይሆን ብቻ!»

«ሕልም አይደለም» አለ ጥርስ ሠሪው። እጁ ደግሞ ያኔውኑ ተነሣ፤ አንጋፋው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ደርሶ ነበር።

«እጅህን አውርድ!» አለችው። «ምን ያደርግሃል? ዝንብ ነው የምታባርረው? ሰውየው እኔን ሊያይ ሲል አንተን ያያል!»

እዚህ ላይ የጥርስ ሠሪው ነገር አበቃ። እጁን ካወረደ ጥርሱ ይወርዳል። ካላወረደ፣ ለምን እንደማያወርድ መናገር አለበት፤ ከተናገረ ደግሞ አንጋፋው ሲያይ የዋለው እሷን ሳይሆን የእሷን ባል እንደሆነ ያን የበራ ፊት አይቶ ሊነግራት ነው። ሠላሳ ዓመት በሆዱ «ምኑን ወደደችው?» ሲል የኖረ ሰው፣ አሁን ሰውየው ከልቡ ሚስቱን ባየለት ብሎ ተመኘ።

ያኔ ጊታሩ ሚስቱ ማታ ማታ ደጋግማ የምትከፍተውን ዘፈን ጀመረ። የሷን ዘፈን። አዳራሹ በሙሉ «እህ» አለ። በዚያ ዘፈን ውስጥ ያለው «ስ» አይጣል ነው፤ ስም አለበት፣ ስስት አለበት፣ ስንብት አለበት። መጨረሻው ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። ሚስቱ የባሏን ሁለት እጆች ይዛ ጭኗ ላይ ጥርቅም አድርጋ ያዘቻቸው።

«አብረኸኝ ስማ» አለችው።

እጁ ታሰረ። አንጋፋው የመጀመሪያውን ከፍታ ሊጀምር ወደ ታች ሲያይ ምልክት የለም። ዓይኑ ፈጠጠ። ለጥርስ ሠሪው የቀረው ፊቱ ብቻ ነው፤ በፊቱ ተጠቀመ። አገጩን ወደፊት አውጥቶ ጥርሱን ገጭ አድርጎ ነከሰ፤ አንገቱን እንደ ዳክዬ መዝዞ ዋጠ። አንጋፋው ደግሞ እዚያ ላይ ሆኖ አገጩን አውጥቶ ነከሰ፣ አንገቱን መዝዞ ዋጠ። ተቀመጠለት። ደስ ቢለው፣ ዘፈኑ መሐል ላይ፣ አዳራሹን እያየ ሙሉ ጥርሱን ፈገግ አለ።

ሁለቱም ስክሪኖች ያንን ፈገግታ አሳዩት። ከጥርሶቹ መሐል አንዷ፣ ከፊት በግራ በኩል ያለችው፣ ወደ ጎረቤቷ ትንሽ ዘንበል ብላ ጫፏን ደርባባታለች፤ የምትነግራት ምስጢር ያላት ይመስላል።

ሚስቱ ስክሪኑን አየች። ደግማ አየችው። ከዚያ ምላሷን ወደ ራሷ ጥርስ ላከች፤ ከፊት፣ በግራ በኩል። ዞር ስትል ባሏ አገጩን አውጥቶ ለሌላ ንክሻ ሲዘጋጅ አገኘችው።

«አንተ» አለች።

ጥርስ ሠሪው አገጩን መለሰ።

«ያ ጥርስ የኔ ነው።»

«ፎቶ አልነበረውም» አለ ጥርስ ሠሪው። ሌላ ምን ይበል? «በሁሉም ላይ ማይክሮፎን ጋርዶታል። ከራሴ ልሥራ አልኩ፤ እጄ ሠራው። አሁን ነው እኔም ያየሁት፤ እውነቴን ነው።»

«ከስንቱ ጥርስ የኔን ጠማማ?»

«እጄ ሌላ ጥርስ አያውቅም» አለ። «ዓይንህን ጨፍነህ ጥርስ ትከል ብትዪኝ የምተክለው ያንቺን ነው። እኔ ሌላ ያማረ ጥርስ የት አይቼ?»

እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ እሷ እንዲህ ያለውን የምትሰማው ከሬዲዮ ነበር።

«ቆይ፣ ስንት ሰው ነው የኔን ጥርስ ይዞ የሚዞረው?»

«ፎቶ ያላመጣ ሁሉ።»

ነገሩ ሁሉ የገባት ያኔ ነው። አንጋፋው ባሏን ሲያይ ነው የዋለው፤ እጁን ሲጠብቅ ነው የዋለው። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲደበዝዝ ጥርስ ሠሪው አየ። ግን ብዙ አልደበዘዘም። መድረኩን አየች፤ ሽማግሌው በላብ ርሶ፣ ጨንቆት፣ ዓይኑን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተክሏል። ከዚያ የያዘችውን የባሏን እጅ አየችው፤ በጥፍሮቹ ሥር ዛሬም ጀሶ አለ። ሳቋ መጣ። እጁን ለቀቀችው።

«በል ሥራህን ሥራ» አለችው። «ቀጣዩ ከፍታ ከጊታሩ ቀጥሎ ነው።»

«የት ጋ?»

«ዘፈኑን አታውቀውም?» አለች ተገርማ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስዘፍነው?»

«ጆሮዬን ይዤ ነበር።»

«እኔ እነግርሃለሁ። ገና ነው... ገና ነው... አሁን!»

ጥርስ ሠሪው ጣቱን ገጠመ። አንጋፋው ነከሰ፣ ዋጠ፣ ወጣ። እንዲህ እየተባባሉ ሄዱ፤ እሷ ቦታውን ትናገራለች፣ እሱ ምልክቱን ይሰጣል፣ ያ ይዘፍናል። በሳቅ ብዛት እንባዋ ይወርዳል። ጥርስ ሠሪው ሰው ሆኖ በሙዚቃ ውስጥ ሲገባ ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ ዘፈኑም እሱ ሲያስበው እንደኖረው ያህል መጥፎ አልነበረም። እንዲያውም ከመጨረሻው ከፍታ በፊት ያለችው ቦታ ላይ ሆዱ ባባ፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

«ይሄ ትልቁ ነው» አለች ሚስቱ፣ ክንዱን ይዛ። «አሁን! ንከስ በለው!»

ነከሰ። ድምፁ ወደ ላይ ወጣ፣ እዚያው ላይ ቆየ፣ ቆየ፤ ጥርሱም ቆየ። ሲወርድ አዳራሹ በምርኩዙም በእጁም ጮኸ።

አንጋፋው ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀና ማይክሮፎኑን ጠጋ አለ።

«ዛሬ እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ አለኝ» አለ። «እነሱ ባይኖሩ ይህን ዘፈን አልጨርሰውም ነበር። ለምን እንደሆነ አልናገርም። እባካችሁ ተነሡልኝ።»

ጥርስ ሠሪው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ሚስቱ ግን ቀሚሷን ሳብ አድርጋ ተነሣችና ለአዳራሹ ፈገግ አለች። ካሜራው አገኛት። በግራው ስክሪን ላይ አንጋፋው ይስቃል፤ በቀኙ ላይ እሷ ትስቃለች። ሁለቱም ጋ ያቺ ጥርስ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላለች።

አዳራሹ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አየ።

«እህቱ ናት!» ብሎ ጮኸ ባለ ኮፍያው። «ጥርሳቸውን እዩት! የአንድ እናት ልጆች ናቸው!»

«እህቱ ናት» አለ የኋላው ረድፍ። «እህቱ፣ እህቱ» እየተባለ እስከ በሩ ድረስ ሄደ። ሴቶቹ «ዓይኗም እሱን ነው የሚመስለው» ማለት ጀመሩ። ሕዝቡ ለእህትየው እንደ አዲስ አጨበጨበላት።

ሚስቱ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ከልጅነቷ ጀምሮ የወደደችው ሰው፣ በሕዝብ ፊት፣ ወንድሟ ሆነ። ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«እህቱ?» አለችው።

ጥርስ ሠሪው ከደረቱ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሲነሣለት ተሰማው። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ተሸክሞት የኖረው ድንጋይ ነው። ተነሥቶ ከጎኗ ቆመ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገና ወደ ባለ ኮፍያው ዞረ።

«ልክ ነዎት» አለው፣ ደረቱን ነፍቶ። «አማቼ ነው።»